ሰባት ቤት ለመቁጠር እስከ ኤላት

ረዥም መንገድ ነድቶ የተመለሰ ሰው የሚያወራው ስላየው ተራራና ስለ ባሕሩ ነው። እኔም ከሃይፋ ተነስቼ፣ አገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጬ፣ ኤላት ድረስ ብቻዬን ነድቼ ተመልሻለሁ። ባሕሩስ እንዴት ነበር ብትሉኝ ግን መልስ የለኝም። ከሰው ቤት በረንዳ ላይ ሆኜ፣ ያውም እያለቀስኩ፣ ከሩቅ ነው ያየሁት። ከተመለስኩ ወራት አልፈዋል፤ ያ መንገድ ግን እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

ትርንጎ እባላለሁ፤ አርባ አንድ ዓመቴ ነው። የምንኖረው ሃይፋ፣ ሃሊሳ ሰፈር ነው። እኔና ባሌ አየለ ከልጆቻችን ጋር ሦስተኛ ፎቅ፣ እናቴ እማዋይሽ ደግሞ እዚያው ሕንፃ ምድር ቤት። ሥራዬ ተራራው ላይ ካለ የአዛውንቶች ቤት ነው፤ አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ ሲያኮርፉ አባብላለሁ፣ ሲቆጡኝም እቆጣለሁ። አዎ፣ ቁጣ አለብኝ። የሚያውቀኝ ሁሉ «ቁርጥ አባቷን!» ይለኝ ነበር። አባቴ ፈንታሁን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በአንድ ቃል ግንፍል የሚል፣ በአንድ ቃል ደግሞ የሚበርድ ሰው ነበር። ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። እንደ እሱ ነሽ ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ እናቴ ግን ይሄ ነገር በተነሳ ቁጥር ወደ ሌላ ወሬ ትሄድ ነበር። ልብ አላልኩትም።

መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በስድስተኛው ፈተና ነው። አምስት ጊዜ ጥለውኛል። አንዱ ፈታኝ «እመቤት፣ ቁልቁለት ላይ ለምንድነው ዓይንሽን የምትጨፍኚው?» ብሎኝ ከመኪናው ወርዶ በእግሩ ሄዷል። ሃይፋን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከተማው እንዳለ ቁልቁለት ነው። ካለፍኩም በኋላ መንዳቴ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ነበር። ከከተማ ወጥቼ ብቻዬን አንድ ሰዓት ነድቼ አላውቅም ነበር።

ነገሩ የጀመረው በልጄ በሺራን ነው። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ወታደር ቤት ሳለች ዮናታን የሚባል፣ እዚሁ ሃይፋ አጠገብ ያለችው የክርያት አታ ልጅ ተዋወቀች። ጨዋ ልጅ ነው፤ የኛው፣ የጎንደር ቤተ እስራኤል ልጅ። ቤታችን ሲመጣ ተነስቶ ሰላም ይላል፣ የበላበትን ሳህን ያነሳል፣ እናቴን ደረጃ ደግፎ ያወርዳል። ከዚህ በላይ ምን ልፈልግ?

በኛ ዘንድ ግን ልጅ ከመዳሩ በፊት ዘር ይቆጠራል። የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ወደ ላይ ሰባት ቤት ይወጣሉ። በሰባቱ ውስጥ አንድ ቅድመ አያት ካገናኛቸው ጋብቻው ቀረ ማለት ነው። ልጆቹ ይስቁበታል፤ ሽማግሌዎቹ አይስቁም። እኔና አየለ ስንጋባም ሦስት ቀን ሙሉ ተቆጥሮብናል።

ዓርብ ጠዋት የኛ ሳሎን ውስጥ ተሰበሰቡ። ቄሳችንም አሉ። የኛ ወገን ሽማግሌ ጀመሩ። «ሺራን የትርንጎ፣ ትርንጎ የፈንታሁን፣ ፈንታሁን የአድማሱ፣ አድማሱ የካሳ...» ይሄን ሲሉ የዮናታን ታላቅ አጎት እጃቸውን አነሱ።

«የትኛው ካሳ? የደረሰ ወንድም ካሳ?»

«አዎ፣ የደረሰ ወንድም።»

«እንግዲያ ደረሰ የልጃችን እናት ቅድመ አያት ነው» አሉና ብርጭቋቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «በአምስተኛው ቤት ተገናኙ። ልጆቹ ዘመዳሞች ናቸው።»

ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ሻይ ይዤ ከወጥ ቤት በር ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ።

ሺራን ስትሰማ ዕብራይስጥ እየቀላቀለች ጮኸች። «ኢማ፣ መ ዜ፣ ምንድነው አምስት ቤት? እኔ የአክስቶቼን ልጆች እንኳ ሁሉንም አላውቃቸውም! የሞተ ሰው ወንድም ምን አገባው?» እኔም ጮህኩባት። አባቷ አየለ፣ ዓመት ሙሉ ድምፁ የማይሰማ ሰው፣ ያን ቀን ተናገረ። «ሽማግሌ አይሆንም ያለውን ካደረግሽ ይሄን በር አትርገጭው።» ልጄ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ሁለት ቀን ጓደኛዋ ጋ አደረች። በሦስተኛው ቀን ደውላ፣ ቀስ ብላ፣ «ቆጵሮስ ሄደን፣ ያለ ቄስ ያለ ሽማግሌ እንጋባለን። ወስነናል። አንቺ ባትመጪም አልቀየምሽም» አለችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ልጄን ቀስ ብላ ስታወራኝ ፈራኋት፤ ስትቆርጥ ነው እንደዚያ የምትሆነው። አባቷም ቃሉን የሚመልስ ሰው አይደለም። ልጄ ዓይኔ እያየ ከቤቴ ልትወጣ ነው።

በነዚህ ቀናት እናቴ እህል አልቀመሰችም። ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ገባሁባት። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«እማዬ፣ ምነው? አንቺ ደግሞ ታመሽ እንዳታስቸግሪኝ።»

«አባ ጌጡ ዘንድ ሂጂ» አለችኝ።

አባ ጌጡ የአባቴ ባልንጀራ ናቸው። ከአገር ቤት አብረው ወጥተው፣ ሱዳንን አብረው አልፈው፣ እዚህ አብረው የገቡ። ዘጠና ሊሞላቸው ነው፤ የሚኖሩት ቤር ሸቫ ነው።

«ምን ሊያደርጉልኝ? ዘሩ እንደሆን ተቆጠረ።»

«ሂጂ። እማዋይሽ ልካኛለች፣ የሚያውቁትን ይንገሩኝ በያቸው።»

«እሺ፣ ልደውልላቸዋ።»

«በስልክ አይሆንም። ደግሞ ብቻሽን ሂጂ፤ አየለን እንዳታስከትዪ።»

ለምን ብላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አየለ ሲሰማ «እሁድ ሥራ የለኝም፣ እኔ ልውሰድሽ» አለ። ብቻሽን ብላለች አልኩት። ጥቂት አሰበና «ታዲያ ቁልቁለት ላይ ዓይንሽን እንዳትጨፍኚ» አለኝ። ያን ሳምንት ቤታችን ውስጥ የተሳቀው ያቺን ጊዜ ብቻ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ሥራዬ ላይ ተተኪ አስገብቼ ረፋዱ ላይ ተነሳሁ። መኪናዬ ትንሽ ነጭ አሮጌ መኪና ናት። ትልቁ መንገድ ላይ ስገባ የጭነት መኪናዎች በግራ በቀኝ ሲያልፉኝ መሪውን ሁለት እጄ እስኪደነዝዝ ጨብጬ ነበር የምሄደው። ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጥሩምባ ይነፋብኛል። «ንፋ! እስኪበቃህ ንፋ!» እያልኩ በቀኙ መስመር ተንፏቀቅሁ። እንዲህ ሆኜ ከቀትር በኋላ ቤር ሸቫ ደረስኩ። እዚያ ስደርስ ለራሴ አጨበጨብኩ፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ ቤር ሸቫ መድረስ ትልቅ ነገር መስሎኝ!

የአባ ጌጡን በር ባንኳኳ ባንኳኳ የሚከፍት የለም። ከጎን ያለችው ሴትዮ ብቅ አለች፤ አበሻ ናት።

«አባ ጌጡን ነው? ልጃቸው ስንዱ ወሰደቻቸው እኮ። ለደረታቸው ሙቀት ይሻላል ተብሎ ክረምቱን ኤላት ናቸው።»

«ኤላት?»

«ኤላት ነዋ። አልደወልሽም እንዴ ሳትመጪ?»

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እውነቷን ነው፤ ከሃይፋ ቤር ሸቫ ድረስ ሳይደውል የሚመጣ ሞኝ ማነው? እናቴ በስልክ አይሆንም ስላለችኝ መኖራቸውን እንኳ መጠየቅ አልመጣልኝም። ሴትዮዋ ውሃ ሰጠችኝ፤ የስንዱን አድራሻ በወረቀት ጻፈችልኝ። ለሺራን ደወልኩላት።

«ኢማ፣ የት ነሽ? ለምን ብቻሽን? ተመለሺ በቃ። ለምንም አይጠቅምም። ሰኞ እንበራለን።»

«ሰኞ? የዚህ ሰኞ?»

«የዚህ ሰኞ።»

ስልኩን ዘጋሁና ወደ መኪናዬ ሄድኩ። ወደ ሰሜን ብዞር እስከ ማታ ቤቴ ነኝ። ወደ ደቡብ ከሄድኩ ከመጣሁበት የማይተናነስ መንገድ፣ ያውም በረሃ ለበረሃ፣ ይቀረኛል። እናቴ ግን በሕይወቷ አንድ ቀን አድርጊልኝ ብላ ለምና አታውቅም። ያን ማክሰኞ ዕለት ድምፅዋ ልመና ነበረው። ነዳጅ ሞላሁ፣ ዳቦና ውሃ ገዛሁ፣ የስንዱን አድራሻ ስልኬ ላይ አስገባሁና ወደ ደቡብ ሄድኩ።

ከዲሞና ወዲያ መንገዱ ወደ አራቫ ሜዳ ይወርዳል። እንዴት ያለ አወራረድ! ይጠማዘዛል፣ ይወርዳል፣ ይጠማዘዛል። በአንድ በኩል ገደል ነው። ከኋላዬ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ተጠግቶኛል። «ትርንጎ፣ ዓይንሽን ግለጪ። ትርንጎ፣ ግለጪ ብያለሁ» እያልኩ ጮክ ብዬ ራሴን እየተቆጣሁ ወረድኩ። ታች ሜዳው ላይ ስደርስ ዳር ይዤ ቆምኩና የጭነት መኪናውን አሳለፍኩት። ሾፌሩ በመስኮት እጁን አውጥቶ ሰላም አለኝ። ለካ ሰውየው ሲጠብቀኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። በግራም በቀኝም ቡናማ ተራራ፣ መሐሉ አሸዋ፣ አልፎ አልፎ የቴምር ተክል። ሬዲዮው ጠፋ፤ ስልኩም ጠፋ። ብቻዬን እንደዚያ ሆኜ አላውቅም። ቤት ልጆች አሉ፣ ሥራ ቦታ የሚጠሩኝ አዛውንቶች አሉ፣ ከሥሬ እናቴ አለች። ሰዓት ሙሉ ማንም ትርንጎ ብሎ አልጠራኝም። መጀመሪያ ጨነቀኝ፤ ቆይቶ ግን እጄ ከመሪው ላይ ላላ፣ ትከሻዬም ወረደ። መንዳት እንደምወድ ያወቅሁት እዚያ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኤላት ገባሁ። ስንዱ ሆቴል ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ትሠራለች፤ ገና መግባቷ ነበር። አባ ጌጡ በረንዳው ላይ ባለ ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ለብሰው ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«እንዴት ዋሉ አባ?»

ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙና አዩኝ። «የፈንታሁን ልጅ። ከሃይፋ? ማን አመጣሽ?»

«ራሴ ነድቼ።»

«እሰይ!» አሉ።

ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የካሳን፣ የደረሰን፣ የሰኞን። በመጨረሻ «እማዋይሽ ልካኛለች፣ የሚያውቁትን ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«በራሷ አፍ አለችሽ? እማዋይሽ ራሷ?»

«ራሷ።»

ብርድ ልብሳቸውን ወደ ላይ ሳቡ። «ዛሬ ደክመሻል። ብዪና ተኚ። ጠዋት እንነጋገራለን።»

«አባ፣ ልጆቹ ሰኞ ሊሄዱ ነው እኮ!»

«ሰኞ ሩቅ ነው» አሉኝ። ልቆጣ አልኩና ዓይናቸውን ሳየው ተውኩት።

ጠዋት ስንዱ ሥራ ሄደች። በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ባሕሩ ከሕንፃዎቹ መሐል ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። አባ ጌጡ ሻያቸውን ሳይነኩ ጀመሩ።

«አባትሽ አስምሎኛል። እማዋይሽ ካልፈቀደች በቀር እንዳትነግራት ብሎ። አሁን እሷ ልካሻለች፤ መሐላው ወረደልኝ። ሽማግሌዎቹ አልተሳሳቱም። ፈንታሁን የአድማሱ ነው፣ አድማሱ የካሳ፣ ካሳም የደረሰ ወንድም።»

ለዚህ ነው እንዴ ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት?

«ስህተቱ ሌላ ቦታ ነው» አሉ። «ትርንጎ የፈንታሁን ሲሉ ነው የሳቱት። ፈንታሁን አሳደገሽ እንጂ አልወለደሽም ልጄ።»

የሰማሁት ነገር ወደ ውስጥ አልገባ አለኝ። እሳቸው ቀስ ብለው ቀጠሉ።

«ሱዳን መጠለያው ውስጥ ከኛ ድንኳን ቀጥሎ የትግራይ ቤተ እስራኤሎች ነበሩ። ለተብርሃን የምትባል ልጅ እግር ሴት ነበረች። ባሏ ፀጋይ መንገድ ላይ አረፈ፤ አንቺን ታቅፋ ብቻዋን ደረሰች። የሁለት ወር ልጅ ነበርሽ። እማዋይሽ ደግሞ የበኩር ልጇን፣ ወንድ ልጅ ነበር፣ በዚያው ሰሞን ቀብራዋለች። ያን ጊዜ በሽታው ሰው ፈጀ። ለተብርሃንም ታመመች፣ ወተቷ ደረቀ። አንቺ ታለቅሻለሽ። እማዋይሽ ተነሳችና ‹ወዲህ ስጡኝ› አለች። አጠባችሽ። ለተብርሃን ሳምንት አልቆየችም።»

«እና ለምን አልነገሩኝም?» ብዬ ጮህኩ። ሽማግሌ ላይ ጮህኩ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። «አርባ አንድ ዓመት! አንድ ቀን ጠፍቶ ነው?»

«ፈሩ» አሉ አባ ጌጡ፣ ሳይቆጡኝ። «እዚህ ስንገባ የሚመዘግቡት ሰዎች ልጅቷን ይወስዱብናል ብለው ፈሩ። ልጃችን ናት ብለው አስጻፉ። ከዚያ ትንሽ ነሽ አሉ። ከዚያ ልትዳሪ ነው አሉ። ከዚያ ወለድሽ። ቀን ሲፈልጉ ፈንታሁን ሞተ።»

በዚህ ጊዜ ነው እንግዲህ ባሕሩን ያየሁት። በረንዳው ብረት ላይ ተደግፌ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። የሚገርማችሁ ነገር፣ ያለቀስኩት ለወለደችኝ አልነበረም፤ አላውቃትም። ያለቀስኩት ለአባቴ ነው። ቁርጥ አባቷን ሲሉኝ እሱ አጠገቤ ቆሞ ይስቅ ነበር። ምን እያሰበ ይሆን የሚስቀው?

ሲበርድልኝ አባ ጌጡ «የወለደሽ አባት ፀጋይ ነው። ፀጋይ የሐጎስ፣ ሐጎስ የበርሀ። ከዚያ በላይ አላውቅም» አሉ።

«ሦስት ስም ብቻ? ለሽማግሌዎቹ ይበቃል?»

«አይበቃም። ሰባት ካልሞላ ‹ምናልባት በአራተኛው ይገናኙ ይሆናል› የሚል አይጠፋም። ግን እውነቱ ይሄ ነው። የትግራይን ወገኖች ጠይቂ፤ የሚያውቅ ከተረፈ።»

እስከ ሰኞ ማንን እጠይቃለሁ? ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።

የመመለሻው መንገድ ከመሄጃው ረዘመብኝ። ስሞቹ እንዳይጠፉኝ ጮክ ብዬ እጠራቸዋለሁ። ፀጋይ፣ ሐጎስ፣ በርሀ። ፀጋይ፣ ሐጎስ፣ በርሀ። መሐል ላይ ፈንታሁን ብዬ እጀምርና እመለሳለሁ። አንድ ጊዜ በርሀ የሚለው ጠፋኝ፤ መኪናዬን ከመንገድ አውጥቼ አሸዋው ላይ አቆምኩና እስኪመጣልኝ ተቀመጥኩ። ከአባቴም ጋር ተጣላሁ። «አንተ ሰውዬ፣ እንዴት አስችሎህ?» አልኩት፣ ብቻዬን፣ መኪና ውስጥ። ከእናቴ ጋር የምጣላውን ጠብ ደግሞ ሙሉውን አዘጋጀሁት። እንዲህ እላታለሁ፣ እንዲህ ስትለኝ እንዲህ እመልስላታለሁ። ያንን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። ከቤር ሸቫ ወዲህ ዝናብ ነበር።

ሐሙስ አመሻሹ ላይ ሃሊሳ ደረስኩ። መኪናዬን አቆምኩና ከመሪው ኋላ ተቀምጬ ቀረሁ። በመጨረሻ ወረድኩና እኛ ቤት ሳልወጣ ቀጥታ እናቴ ጋ ገባሁ።

እናቴ ለብሳ ተቀምጣለች። ሰንበት የምትለብሰውን ነጭ ቀሚስ፣ ነጠላዋን፣ ጫማዋን አድርጋለች። እግሯ ሥር አንድ ቦርሳ አለ።

«እማዬ፣ የት ልትሄጂ ነው?»

«ነገሩሽ?»

«ነገሩኝ።»

«እንግዲህ» አለች፣ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ዓይኔን ማየት ካስጠላሽ ክርያት ያም የወንድሜ ልጅ ጋ እሄዳለሁ። ነግሬዋለሁ፣ ይመጣል። አንቺ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው።»

ያ በመንገድ ሁሉ ያዘጋጀሁት ጠብ የት እንደገባ አላውቅም። መሬት ላይ ተንበረከክሁና የጫማዋን ክር መፍታት ጀመርኩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጤና የለሽም እንዴ? ማን ሂጂ አለሽ? ደግሞስ የማን ቤት ነው እና ትሄጃለሽ?» እያልኩ አለቅሳለሁ። እሷም ራሴን እየዳበሰች ታለቅሳለች። ሁለታችንም ጥቂት እንደዚያ ሆንን።

ከዚያ «አባ ጌጡ ስንት ስም ሰጡሽ?» አለችኝ።

«ሦስት። ፀጋይ፣ ሐጎስ፣ በርሀ። አይበቃም አሉ። የሚያውቅ የለም።»

«እሳቸው ከሦስት አያልፉም» አለችና ዓይኗን ጨፈነች። «ፀጋይ የሐጎስ፣ ሐጎስ የበርሀ፣ በርሀ የተስፋይ፣ ተስፋይ የዘርኡ፣ ዘርኡ የይስሐቅ፣ ይስሐቅ የአስገዶም።» ሳታቋርጥ ደግሞ በለተብርሃን በኩል ሌላ ሰባት ጠራች። አሥራ አራት ስም፣ አንዱም ሳያደናቅፋት።

«እማዬ፣ ከየት አመጣሽው?»

«እሷ ናት ያስጠናችኝ። አንቺን እያጠባሁ አጠገቧ ስቀመጥ፣ ሦስት ቀን ሙሉ። እኔ ትግርኛ አልሰማም፣ እሷ አማርኛ አትሰማም። ሌላ ስታወራኝ አይገባኝም፤ ስሞቹ ግን ገቡኝ። ስሳሳት እጄን ትመታኝ ነበር። ልጅቷ ዘሯን ሳታውቅ እንዳትዳር ብላ እኮ ነው። አሥራ አራቱንም ሳላደናቅፍ ስጠራላት ፊቷን ሸፍና ተኛች።»

«እና እስከ ዛሬ አልረሳሽውም?»

«ደረጃ ስወለውል እጠራቸው ነበር። በየደረጃው አንድ ስም።» እናቴ ሃያ ዓመት የሰው ሕንፃ ደረጃ ወልውላለች። «አንቺ ስትዳሪም ቆጥሬልሻለሁ። ሽማግሌዎቹ ሳሎን የፈንታሁንን ሲቆጥሩ፣ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ያንቺን ቆጠርኩ። ከአየለ ወገን ጋር የሚያገናኝ የለም። ቢኖር ኖሮ ያን ጊዜ እናገር ነበር። አሁን ግን በሺራን መጣ። በገዛ አፌ አልወለድኩሽም ማለት አቃተኝ። ለዚያ ነው የላክሁሽ።»

እሁድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ሺራንና ዮናታን ለመሄድ ቦርሳቸውን አዘጋጅተው ነበር፤ አንድ ቀን ብቻ ታገሱኝ ብዬ ለምኜ አመጣኋቸው። እናቴ ከወንዶቹ መሐል ገብታ ቆመች። የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ነው። «ትርንጎን አልወለድኳትም» አለች፣ እጄን ጨብጣ ይዛ። ከዚያ አሥራ አራቱን ቆጠረች። የዮናታን ታላቅ አጎት አንድ በአንድ ደግመው ጠየቋት፤ አንድ በአንድ መለሰች፤ ከነሱ ወገን ጋር የሚያገናኝ አንድም ስም አልተገኘም። በመጨረሻ ሰውየው ከወንበራቸው ተነስተው የእናቴን ጉልበት ሳሙ። ቄሱም «ይጋቡ» አሉ። አየለ ወደ ሺራን ሄዶ ቦርሳዋን ከእጇ ተቀብሎ ወደ ክፍሏ አስገባው።

ልጆቹ ተጋቡ። ሠርጉን ሌላ ጊዜ እነግራችሁ ይሆናል፤ ብዙ የሚያስቅ ነገር አለው። ሥራ ቦታ ብርኽቲ የምትባል የትግራይ ልጅ አብራኝ ትሠራለች፤ ስንት ዓመት በአማርኛዋ ሳሾፍባት ኖሬያለሁ። ነገሩን ስነግራት በሳቅ ወደቀች። «እንኳን ደህና መጣሽ! በይ አሁን ትግርኛ ተማሪና እኔም በተራዬ ላሹፍብሽ» አለችኝ። እየተማርኩ ነው፤ እያሾፈችም ነው።

ይሄን የምታነቡ ሰዎች፣ «አባትሽ አይደለም ሲሉሽ ምን ተሰማሽ?» ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ። አንድ ሳምንት ያህል በመስታወት ፊቴን ሳየው የሰው ፊት ይመስለኝ ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት ሥራ ቦታ በአንድ ነገር ግንፍል አልኩና ወዲያው በረድኩ። አጠገቤ አባቴ የቆመ መሰለኝ። ቁጣውን ከደሙ ካልወሰድኩት ከጉልበቱ ሥር ቁጭ ብዬ ለምጄዋለሁ ማለት ነው፤ የኔ ነው፣ የሚወስድብኝ የለም። እናንተም ቤታችሁ የሸመገለ ሰው ካለ፣ በስልክ አትጠይቁት። ተነሱና ሂዱ። ቁልቁለቱን እንደሆነ እኔም ወርጄዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኝ ነበር። ባለፈው ሰንበት ከእናቴ ጋር ብቻችንን ተቀምጠን ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ እነዚያን ስሞች ብትረሻቸው ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። ያንቺ ብቻ ሆኜ እቀር ነበር እኮ። ለምን አልተውሻቸውም?»

በጣም የሚያስገርም ነገር እንደጠየቅኋት ሁሉ ዞር ብላ አየችኝ።

«ታዲያ እሷን ሳገኛት ምን ልላት ነው?» አለች።